የከሰል ሌላው ሥራ

(በሬዲዮ ከተሰጠው የጤና ንግግር የተወሰደ)



ከሰል ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት ለባለ ጀበና ስለ ቡና እንደ መንገር ይቆጠራል። ጀበናው በእርሱ ይፈላል፤ ወጡ በእርሱ ይሠራል፤ የክረምቱ ብርድ በእርሱ ይረታል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲቀጣጠል የሚያወጣው መርዛም አየር ስንቱን ቤተ ሰብ እንደ ተኛ እንዳስቀረውም ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ዛሬ ልናገርለት ያሰብሁት ግን የከሰልን ሌላ ሥራ ነው፤ ይኸውም በልዩ አሠራር ተዘጋጅቶ በሐኪም እጅ ሲሰጥ፣ በስሕተትም ሆነ በጭንቀት ከመጠን በላይ የተዋጠ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ የሚከለክል መሆኑ ነው። ይህ እርዳታ የሚገኝበት ጊዜ ግን እጅግ አጭር ነው፤ ብዙ ሰውም የሚጐዳው ይህን ባለማወቅ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቤት ደረሰ እንበል። አያት ለሚጥል በሽታ የታዘዘላቸውን ፌኖባርቢታል የተባለውን ክኒን በትራሳቸው ሥር ያስቀምጣሉ። የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ከረሜላ መስሎት ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። እናት ከጓዳ ስትመለስ ባዶውን ብልቃጥ በልጁ እጅ ታያለች። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። አንዷ «ወተት ስጡት» ትላለች፤ ሁለተኛዋ «ጨው በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ይወጣለታል» ትላለች፤ ሦስተኛው «ጣታችሁን በጉሮሮው ስደዱ» ይላል፤ አራተኛዋ ደግሞ «ከሰል መርዝ ይይዛል ብለው በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቻለሁ» ብላ ከምድጃው አንሥታ መውቀጥ ትጀምራለች። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህችን አራተኛዋን ነው፤ የሰማችው ነገር እውነት ነውና፤ የምትወቅጠው ከሰል ግን ያ ከሰል አይደለም። ምክሩ ሲበዛ፣ ወተቱ ሲፈለግ፣ ከሰሉ ሲደቅ አንድ ሰዓት ያልፋል። ያለፈውም ሰዓት እውነተኛው የመድኃኒት ከሰል ሊሠራ ይችልበት የነበረው ሰዓት ነው።

የተዋጠ ክኒን በመጀመሪያ በጨጓራ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያም ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል፤ የአንጀቱም ግድግዳ እያሳለፈ ለደም ይሰጠዋል፤ ደሙ ደግሞ ወደ ጉበት፣ ወደ ልብና ወደ አንጎል ያደርሰዋል። የከሰሉ ዘበኝነት በጨጓራና በአንጀት ብቻ ነው። ከሰል ራሱ ወደ ደም አይገባም፤ በሆድም አይፈጭም፤ እንደ ገባ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ገና በአንጀት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ይዞት ሊወጣ ይችላል፤ ወደ ደም ያለፈውን ግን፣ በኋላ ከማነሣቸው ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሊደርስበት አይችልም። ሌባው ከእልፍኝ ከገባ በኋላ የመጣ ዘበኛ በሩ ላይ ቢቆም ለባለቤቱ ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ። ሐኪሞች «አክቲቬትድ ቻርኮል» የሚሉት የመድኃኒት ከሰል ከእንጨት፣ ከኮኮነት ቅርፊትና ይህን ከመሰለ ነገር ይሠራል። በመጀመሪያ አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ይከስላል፤ ይህን ያህሉን የእኛም ከሰል አክሳዮች አሳምረው ያውቁታል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የከሰለው ነገር 800 ወይም 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ግለት ውስጥ በእንፋሎት ይመታል፤ እንፋሎቱም ቀዳዳዎቹን የደፈነውን ቅጥራን መሳይ ነገር ጠርጎ ያወጣል፤ አዳዲስ ቀዳዳዎችንም ይቦረቡራል። በመጨረሻ የሚገኘው ዱቄት ለተመልካች ከጥቀርሻ አይለይም፤ ውስጡ ግን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። የእነዚያ ቀዳዳዎች ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ ከአንድ ግራም ከሰል 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ይወጣል። ለአንድ ዐዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 50 ግራም ያህል ስለ ሆነ ይህ 50,000 ካሬ ሜትር፣ ማለት 5 ሄክታር ይሆናል። በገበሬ ቋንቋ እንናገረው ብንል፣ አንዱን ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ብለን ብናስበው፣ በአንዲት ብርጭቆ ውስጥ ሃያ ጥማድ መሬት ተጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው።

መድኃኒቱ የሚያዘው በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ነው። አያያዙም ስፖንጅ ውሃን እንደሚመጠው ያለ አይደለም፤ ጭጎጎት በጋቢ ጠርዝ ላይ እንደሚጣበቀው ያለ ነው። የተጣበቀውም መድኃኒት ከከሰሉ ጋር በአንጀት አልፎ በሰገራ ይወጣል። የምድጃው ከሰል ግን ቀዳዳው የተደፈነ፣ አመድም የተቀላቀለበት ስለ ሆነ መሬቱ ጠባብ ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢደቅ ይህን ሥራ አይሠራም። በአውሮፓና በአሜሪካም ሰዎች በዚህ ተታለው ነበር። ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ «ለመርዝ ሁሉ ማርከሻ» እየተባለ ከከሰል፣ ከማግኔዝያና ከታኒክ አሲድ የሚቀመም መድኃኒት በየቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ ያጣም ሰው በከሰሉ ፈንታ ያረረ ዳቦ፣ በታኒኩ ፈንታ የወፈረ ሻይ እንዲያደርግ ይመከር ነበር። በኋላ ሲመረመር ያረረው ዳቦ መርዝ የማይዝ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ተጨማሪ ነገሮች የእውነተኛውን ከሰል ገጽ ይዘው መርዙን ስፍራ የሚያሳጡት ሆኑ። ስለዚህ ያረረ እንጀራ ፍለጋ ወደ ምጣዱ የሚሄድ ሰው ቢኖር ከወዲሁ ይመለስ።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ ረዥም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1773 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሼሌ የተባለው ስዊድናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከሰል አየሮችን እንደሚይዝ አስተዋለ፤ በ1785 ሎቪትስ የተባለው የሴንት ፒተርስበርግ ሊቅ ከሰል የፈሳሽን ቀለም እንደሚያጠራ አገኘ። ነገሩን በገዛ ነፍሳቸው የፈተኑት ግን ፈረንሳውያን ናቸው። በ1813 ሚሼል ቤርትራን የተባለው ሰው አርሰኒክን ከከሰል ጋር ውጦ በሕይወት ተገኘ። ከርሱም በኋላ በ1831 ፒየር ቱኤሪ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በፈረንሳይ የሕክምና አካዳሚ ሊቃውንት ፊት ቆሞ፣ ለውሻና ለቀበሮ ማጥፊያ የነበረውን ስትሪክኒን የተባለ መርዝ ሰውን ከሚገድለው መጠን ብዙ እጥፍ አድርጎ ከ15 ግራም ከሰል ጋር እንደ ዋጠና ምንም እንዳልሆነ ይተረካል። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ጥበብ ነው ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ቱኤሪ መርዙንና ከሰሉን የዋጠው በአንድ ላይ ነው። ዘበኛው ከሌባው ጋር እኩል ደረሰ። በእውነተኛ ኑሮ ግን ከሰሉ ሁልጊዜ ኋላ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ከሰል በሌላ በኩል ስሙ ተነሣ። በ1915 የጀርመን ጦር በቤልጂግ አገር በኢፕር ግንባር የክሎሪን አየር ከለቀቀ በኋላ ሩሲያዊው ኬሚስት ዜሊንስኪ በከሰል የሚያጣራ የመተንፈሻ ጭምብል አወጣ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1935 እና በ1936፣ ፋሺስት ኢጣልያ በአገራችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ባዘነበ ጊዜ አብዛኛው ወታደርና ባላገር ይህን ጭምብል እንኳ አላገኘም፤ ያ ጋዝ ቆዳን የሚልጥ ስለ ነበረም ጭምብል ብቻውን ባላዳነው ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ንግግር የሚፈልግ ነገር ስለ ሆነ ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

በሕክምና ቤት ውስጥ ከሰል ለብዙ ጊዜ ችላ ከተባለ በኋላ በ1963 ሆልትና ሆልዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ጥቁሩ ጠርሙስ» የሚል ጽሑፍ አውጥተው ሐኪሞችን አስታወሱ። ከዚያ ወዲህ በፈቃደኞች ላይ ብዙ ፈተና ተደርጓል። መድኃኒት በተወሰደ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 50 ግራም ከሰል ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት በአማካይ ከመቶው 47 ያህል ይቀንሳል። በ60 ደቂቃ ሲሆን የሚቀንሰው ከመቶው 40 ያህል ነው። በሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ከመቶው ወደ 16 ወይም 17 ይወርዳል። የአሜሪካና የአውሮፓ የመርዝ ሐኪሞች ማኅበራት በ1997 እና በ2005 ባወጡት መግለጫ ከሰል መርዝ ለነካው ሰው ሁሉ በደፈናው እንዳይሰጥ፣ ከሰል ሊይዘው የሚችለውን መድኃኒት በሚጐዳ መጠን ወስዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለደረሰ ሰው ግን እንዲታሰብ የመከሩት ስለዚህ ነው። ቀስ እያሉ እንዲሟሙ ተደርገው በሚሠሩ ክኒኖች ወይም አንጀትን በሚያዘገዩ መድኃኒቶች ጊዜ ሰዓቱ ሊረዝም ይችላል፤ ይህን መመዘን የሐኪሙ ፈንታ ነው።

ስለ ከሰል መልካሙን ብቻ ተናግሬ ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። በስሪላንካ ደሴት በገጠር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በጭንቀት ጊዜ የተባይ ማጥፊያና የአንድ መርዛም ዛፍ ፍሬ እየወሰዱ ወደ ሐኪም ቤት ይገቡ ስለ ነበር ሐኪሞቹ ከሰልን በሰፊው ፈተኑት። በ2003 ላንሴት በተባለው መጽሔት በወጣው የመጀመሪያው ፈተና፣ የዛፉን ፍሬ ከበሉት 401 ሰዎች መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ከሰል ካገኙት ከመቶው 8 ሲሞቱ፣ ለሦስት ቀን እየተደጋገመ ከተሰጣቸው የሞቱት ከመቶው 2 ተኩል ብቻ ነበሩ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው አገር ከ4,600 በሚበልጡ ሕመምተኞች ላይ የተደረገውና በ2008 የወጣው ትልቁ ፈተና ልዩነት አላገኘም፤ ከሰል ካላገኙት ከመቶው 6.8፣ አንድ ጊዜ ካገኙት 7.1፣ ደጋግመው ካገኙት 6.3 ሞቱ። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ሕመምተኞቹ ወደ ሐኪም የደረሱት መርዙን ከወሰዱ ከሰዓታት በኋላ መሆኑ ነው። የገጠር ሰው መንገድ ረዥም ነው፤ ይህን እኛም እናውቀዋለን። ስለዚህ ከሰል ሰው ለዘገየበት ጊዜ የተቀመጠ መድን አይደለም።

በሰዓቱ ቢደርስም እንኳ ከሰል የማይዛቸው ነገሮች አሉ። አረቄና ሌላውን አልኮል በሚጠቅም መጠን አይዝም፤ ስለዚህ ስካር ያበርዳል ብሎ የሚሸጥለት ሰው ቢኖር ገንዘቡን ነው የሚያከስለው። ብረትን፣ ሊትየምንና ፖታስየምን የመሳሰሉ ማዕድናትንም አይዝም። የብረቱ ነገር በተለይ ለእናቶች መነገር አለበት። ለእርጉዝ ሴት ደም ማነስ እንዳይዛት የሚሰጠው የብረት ክኒን መልኩ የሚያምር ስለ ሆነ ሕፃን በቀላሉ ያታልላል፤ በብዛት የዋጠው ሕፃን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ከሰልም አያስጥለውም። ለናትየው በረከት የሆነው ክኒን በልጅ እጅ እንዳይገባ ከፍ ባለ ስፍራ ይቆለፍበት። በረኪናን የመሰሉ የሚያቃጥሉ ነገሮችን፣ ላምባንና ቤንዚንን ለጠጣ ሰውም ከሰል ጥቅም የለውም፤ ጉሮሮንና ጨጓራን አጥቁሮ ሐኪሙ ቁስሉን እንዳያይ ያደርገዋል።

ከዚህ የሚከፋው አደጋ ግን በሳንባ በኩል የሚመጣው ነው። ከመጠን በላይ መድኃኒት የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ይደነዝዛል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ትን ሲለው የሚያስለው ኃይል ይጠፋዋል። እንዲህ ላለ ሰው በአፉ ከሰልም ሆነ ወተት ቢፈስስበት ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። የጨጓራ ቱቦ እየገባ፣ የአየር ቧንቧው እየተጠበቀ ከሰል የሚሰጠውን ሕመምተኛ ለይቶ የሚያውቀው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። «እንግዲያው ዱቄቱን ገዝተን በቤት እናስቀምጠው» ለሚሉኝ ሰዎች መልሴ ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚያች እናት ቤት ምን መደረግ ይገባ ነበር? በልጁ አፍ ውስጥ የቀረ ክኒን ካለ ይወጣል። ባዶው ብልቃጥ፣ የቀሩትም ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ይያዛሉ፤ ስማቸው የተጻፈበት ያ ቁራጭ ካርቶን ለሐኪሙ ከብዙ ቃል ይበልጥበታል። ስንት ክኒን እንደ ነበረና ከስንት ሰዓት ወዲህ እንደ ተዋጠ በልብ ይያዛል። ልጁ ከደነዘዘ በጎኑ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መንገድ ብቻ ነው፤ ሕመም እስኪታይ መጠበቅም አያስፈልግም። ማስታወክ አይገባም፤ የሚያቃጥለው ነገር ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል፤ ላምባውም ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። የጨው ውሃ ራሱ ሕፃን ይጐዳል። ማስታወኪያ ሽሮፕ በየቤቱ እንዲቀመጥ ይመክሩ የነበሩት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች እንኳ በ2003 ምክራቸውን አንሥተዋል። ወተትም ቢሆን መድኃኒቱን አስሮ አይዝም፤ ጊዜውን ነው የሚወስደው። መጸለይ የሚሻ ሰው ቢኖር ጸሎቱ በመንገድም ይደርሳልና እየሄደ ይጸልይ።

በመኪናም በቃሬዛም ከመዘግየት የሚብስ አንድ መዘግየት አለ፤ እርሱም የዝምታ ነው። የዋጠው ሕፃን ሳይሆን ጎልማሳ ሲሆን፣ የዋጠውም አዝኖ ወይም ተስፋ ቆርጦ ሲሆን፣ ቤተ ሰቡ ሰው ምን ይለናል እያለ ነገሩን ይደብቃል። ሐኪም ቤት ደርሶም «ሆዱን አመመው»፣ «ምች መታው» ይላል። ሐኪሙ ለምቹ መድኃኒት ሲፈልግ ሰዓቱ ያልፋል። ሰውየው በቤቱም በቁጣና በወቀሳ ይቀበሉኛል ብሎ ስለሚፈራ የዋጠውን ነገር ሳይናገር ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሕመምተኛ ነው፤ ሌላ ስም አይገባውም። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ወሰድህ? መቼ?» የሚል ብቻ ነው፤ «ለምን?» የሚለው ነገ፣ ከዳነ በኋላ፣ ብቻውን ሳይተዉት፣ የአእምሮ ሐኪምም ባለበት በርኅራኄ የሚጠየቅ ነው።

በዚህ ነገር ፓራሲታሞል ከሁሉ ያታልላል። ለራስ ምታት ከየሱቁ የምንገዛው ይህ ክኒን ከመጠን በላይ ሲወሰድ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሕመም ላያሳይ ይችላል፤ ሰውየውም ተነሥቶ ይሄዳል፤ ይበላል፤ ቤተ ሰቡም «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል። ጉበቱ ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይወድቃል። ቀድሞ ለደረሰ ሰው ከሰሉ ፓራሲታሞልን በደንብ ይይዛል፤ ከሰሉ ካለፈውም አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፤ እርሱም በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር እጅግ ይረዳል። ደኅና መስሎ መታየት ደኅና መሆን አይደለምና ክኒኑን የዋጠ ሰው ባይታመምም ይሂድ።

ቀድሜ ያነሣኋቸው ጥቂቶች ደግሞ ከደም ወደ አንጀት ተመልሰው የሚፈስሱት መድኃኒቶች ናቸው። ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ቲዮፊሊን፣ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሶን፣ ለወባ የሚሰጠውም ኪኒን ከእነዚህ ወገን ናቸው። (ማንኛውንም እንክብል «ክኒን» የምንለው በዚሁ በወባው መድኃኒት ስም ነው።) በእነዚህ ጊዜ ከሰሉ በየጥቂት ሰዓቱ ሲደጋገም የተመለሰውን መድኃኒት እየያዘ ደሙን በአንጀት በኩል ያጥባል። የአያቱን ክኒን የዋጠው ያ ልጅ እንግዲህ ከሌላው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢያልፈውም ለርሱ በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። ነገር ግን እናቱ ብልቃጡን ካልያዘች ሐኪሙ ይህን በምን ያውቃል?

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ከሰሉ በውሃ ተበጥብጦ ይቀርባል፤ ለሕፃን መጠኑ ብዙ ጊዜ በኪሎ ክብደቱ 1 ግራም ነው። ጣዕም የለውም፤ አሸዋ አሸዋ ይላል እንጂ። መልኩ ግን ሕፃን ያስፈራልና ነርሶቹ ክዳን ባለው ኩባያ በመምጫ ቢሰጡት ይቀለዋል። አንዳንዱ ያስመልሰዋል። ጥርሱና ከንፈሩ ይጠቁራል፤ በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። እናት ይህን ስታይ እንዳትደነግጥ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ የሚወጣው ከሰሉ ነው፤ መድኃኒቱንም ይዞ ነው የሚወጣው።